በአክብሮት የተነጠቅሁት ሶሎ

ሰው በንቀት ሲጎዳ ቢያንስ የሚረግመው አያጣም። እኔን የጎዱኝ አክብረውኝ ነው። አክብሮታቸው እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ ውስጥ ካየሁት ብርድ ሁሉ ብሶ አጥንቴ ድረስ ገብቷል፤ ለማን አቤት እንደሚባል ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እዚህ አገር ለናቀህ ሰው የምትሞላው ፎርም አለ። ላከበረህ ሰው የለም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። በወጣትነቴ አገር ቤት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በማርሽ ባንድ ውስጥ ክላርኔት ነፍቻለሁ። ሦስተኛ ክላርኔት። አንደኛው ክላርኔት ዜማውን ይጫወታል፣ ሁለተኛው ያጅበዋል፣ ሦስተኛው ደግሞ ቢቀር ማንም አያውቅበትም። አንድ ጊዜ ታምሜ ሁለት ሳምንት ቀርቼ ስመለስ አዛዣችን «የት ጠፍተህ ነበር?» አላለኝም፤ «ዛሬ ድምፁ ምነው ከበደ?» ነው ያለው። በዚያ ሁሉ ዓመት አንዲት መስመር ብቻዬን ነፍቼ አላውቅም። ሶሎ የሚባለውን ነገር የማውቀው ከጎኔ በኩል ነው፤ ከጎኔ ያለው ሰው ይነሳል፣ ይጫወታል፣ ይጨበጨብለታል፣ ይቀመጣል። እኔ ወንበሩን እጠብቅለታለሁ።

ካልጋሪ ስመጣ ክላርኔቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ገባ፤ እኔ ደግሞ የሆቴል አንሶላ የሚታጠብበት ትልቅ ላውንድሪ ውስጥ ገባሁ። ሁለታችንም ዝም አልን።

ባለፈው ክረምት፣ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ በገባበት ቀን፣ አቢዴል በሚባለው ሠፈራችን፣ ቤታችን አጠገብ ካለው ግሮሰሪ ፓርኪንግ ውስጥ አንድ ወጣት መኪናው አልነሳ ብሎት ቆሞ አገኘሁት። ኬብል አውጥቼ ባትሪውን ቡስት ላደርግለት ጠጋ ስል የኋላ ወንበሩ ላይ አንድ ግዙፍ የናስ ጡሩምባ ተቀምጧል፤ ቤልት ታስሮለታል። ወጣቱ ኮልተን ይባላል። ጢሙ በሰም ሾሏል፣ ሱሪው በትከሻው ማንጠልጠያ ተይዟል፣ ኮፍያው የአያቴ ፎቶግራፍ ላይ ያለው ነው። ባንድ አለው። የሚጫወቱት የመቶ ዓመት ሙዚቃ ነው፤ ሆት ጃዝ ይሉታል፣ የሚያስጨፍረውን ደግሞ ስዊንግ። ትራምፔቱ፣ ትሮምቦኑና ክላርኔቱ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ይናገራሉ። እንደኛ የዕድር ስብሰባ ማለት ነው፤ ልዩነቱ እነሱ መጨረሻ ላይ ይስማማሉ።

«ክላርኔት ተጫዋቻችን ቫንኩቨር ሄደብን» አለኝ ጥርሱ እየተንገጫገጨ።

«እኔም ድሮ ክላርኔት እነፋ ነበር» አልኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

«እውነትህን ነው? ና ከእኛ ጋር ተጫወት!»

«ኧረ አይ፣ እኔማ አርጅቻለሁ።»

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፤ መከራዬ ሁሉ ያለው እዚህች «አይ» ውስጥ ነው። ይህቺ «አይ» እንቢታ አይደለችም፤ ጨዋነት ናት። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ጎረቤት ቤት ሄደን በመጀመሪያው «ብላ» እጄን ስዘረጋ ጭኔን የምትቆነጥጠኝ ቁንጥጫ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት!» ትለኝ ነበር። ሥርዓቱ የታወቀ ነው፦ ለመጀመሪያው ጥያቄ «አይ»፣ ለሁለተኛው «ኧረ ይቅርብኝ»፣ ለሦስተኛው «እንግዲህ ካላችሁ»። ጠያቂውም ይህን ያውቃል፣ ተጠያቂውም ያውቃል፣ ወጡም እስከዚያ አይቀዘቅዝም።

የዚያን ቀን ባትሪው ጨርሶ ሞቶ ስለነበር ለመሙላት ጊዜ ወሰደ። ኮልተን በብርድ ሲንቀጠቀጥ ሌላ የሚያወራው አጣና ሁለተኛ ጠየቀኝ። «ኧረ ይቅርብኝ» አልኩ። ኬብሉ ላልቶ ኖሮ እንደገና ስናስተካክል ሦስተኛ ጠየቀኝ። «እንግዲህ ካልክ» አልኩት። እቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለውድነሽ «እነዚህ ካናዳውያን ሥርዓት አያውቁም የሚባለው ሐሰት ነው» አልኳት። ለካ ሲለምነኝ የነበረው ባትሪው ነው።

በየማክሰኞው ሥራ ውዬ ጎረቤት ከተማ ኤርድሪ ድረስ መንዳት ጀመርኩ፤ የሚለማመዱት እዚያ ኮልተን ጋራዥ ውስጥ ነው። ሰባት ናቸው፣ ሁሉም ከልጆቼ ያንሳሉ፣ ሁሉም ከአባቴ ይልቅ ያረጀ ልብስ ይለብሳሉ። አንደኛው የሚጫወተው የቆርቆሮ ልብስ መፈተጊያ ነው። ጣቶቹ ላይ የብረት ቆብ አጥልቆ ሲፈትገው እውነትም ያስጨፍራል። ይህን ለውድነሽ መንገር አልነበረብኝም።

«ቀን ሙሉ አንሶላ ስታጥብ ውለህ» አለችኝ፣ «ማታ ደግሞ የልብስ መፈተጊያ ልትሰማ በበረዶ ትነዳለህ? ንገረኝ እስቲ፣ ኦቨርታይም ነው?»

ሙዚቃው መጀመሪያ እንቢ አለኝ። በእኛ ባንድ ከተጻፈው አንድ ኖታ የጨመረ ሰው ፀሐይ ላይ ይቆም ነበር። እዚህ ደግሞ ኮልተን ወረቀቱን ከፊቴ አንስቶ «አታንብብ፣ ዝም ብለህ የተሰማህን ተናገር» ይለኛል። የተሰማኝማ ፍርሃት ነው። አንድ ወር ሙሉ ሆት ሳይሆን ለብ ያለ ጃዝ ስነፋ ቆየሁ። ከዚያ አንድ ማክሰኞ፣ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ፣ ጣቶቼ ከእኔ ቀድመው ሄዱ። ያልተጻፈ ነገር ነፋሁ። ልጆቹ እየተጫወቱ ዞር ብለው አዩኝ፣ ሳቁ። በስልሳ ሁለት ዓመቴ የዚያን ምሽት በሀይዌይ ቱ ስመለስ ብቻዬን እየጮህኩ ዘፈንኩ። ደስ አለኝ። ደስ ያለኝን ቀን ለይቼ ስለማላውቅ ይህችን ይዣታለሁ።

ደስታ ብቻውን አይመጣምና በዚያው ሳምንት ዴንቲስት ጋ ሄድኩ። የላይኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶቼ ሲነቃነቁ ቆይተዋል። ክላርኔት ደግሞ የሚነፋው የላይ ጥርስ በመሣሪያው አፍ ላይ ተደግፎ ነው፤ ያለ እነሱ ድምፁ አይያዝም። ዴንቲስቱ በጣቱ ነካ ነካ አደረጋቸውና «መውጣት አለባቸው፤ ክላርኔቱንም ብትረሳው ይሻላል» አለኝ። ስለ ጥርሱ እሱ ያውቃል፣ ስለ ክላርኔቱ ማን ጠየቀው? ለምኜ ለምኜ ከፋሲካ በኋላ እስካለው የዳንስ ዝግጅታችን ድረስ ቀጠሮውን አስተላለፍኩ። እንግዲህ ሒሳቡ ግልጽ ነው፦ አንድ ዝግጅት፣ ሁለት ጥርስ።

የዝግጅቱ ዘፈኖች ሲደለደሉ መሐል ላይ አንዲት ቀስ ያለች ዜማ ነበረች። እዚያ ቦታ ሁሉም ዝም ይልና አንድ ሰው ብቻ ሠላሳ ሁለት ባር፣ አንድ ዙር ሙሉ ዜማ፣ ይጫወታል። ኮልተን ወደ እኔ ዞረ።

«ይህን ሶሎ አንተ ብትወስደው ደስ ይለኛል። ትፈልጋለህ?»

ዐርባ ዓመት የጠበቅሁት ጥያቄ ነው። ልቤ ዘለለ፣ አፌ ግን እናቴ ናት ያሳደገችው። «ኖ፣ ኖ፣ ለልጆቹ ስጥ» አልኩ።

ኮልተን እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። ዓይኑ በርኅራኄ ሞላ። «ቶታሊ ፌር። በግልጽ ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ፤ አከብርሃለሁ» አለና ዞር ብሎ «ሜጋን፣ አንቺ ትወስጂዋለሽ?» አላት። ሜጋን ትሮምቦን ተጫዋቿ ናት።

«ሹር!» አለች።

በአንድ ጊዜ! ሹር! እናቷ ጭኗን ቆንጥጣት አታውቅም።

እኔ ግን አልደነገጥኩም። ሁለት ጥያቄ ይቀረዋል ብዬ መጠበቅ ጀመርኩ። ሶሎውን መኪናዬ ውስጥ፣ መስኮት ዘግቼ፣ በየቀኑ ተለማመድኩ። ላውንድሪ ውስጥ ማድረቂያዎቹ ሲጮሁ በከንፈሬ አዜምኩት። ባንዱ ሲጠይቀኝ ሳልዘጋጅ እንዳልገኝ ነው። ይባስ ብዬ አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ለጋሼ ሀብታይ ነገርኳቸው። ጋሼ ሀብታይ የአስመራ ሰው ናቸው፤ አማርኛን ትምህርት ቤት በአለንጋ ስለተማሩት ከሁላችንም አጥርተው ይናገሩታል፣ ምላሳቸውም እንደ አስተማሪዎቻቸው ነው።

«ብቻህን የምትጫወተው አለ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ፣ አንድ ሶሎ አለችኝ።»

ባፍ ይጠፉ በለፈለፉ። በሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴ ሳያልቅ ዐሥራ አራት ሰው ሊመጣ ተስማምቷል።

ሁለተኛው ጥያቄ አልመጣም። ማክሰኞ ሄደ፣ ማክሰኞ መጣ። ፍንጭ መስጠት ጀመርኩ። ኮልተንን «ሜጋን ግን ሶሎው አይከብዳትም?» አልኩት። «ስለሷ ማሰብህ እንዴት ደስ ይላል!» አለና ሄዶ ነገራት። ልጅቷ መጥታ አቀፈችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ልምምዷን እጥፍ አደረገችው። ሌላ ቀን በዕረፍት ሰዓት ጥግ ይዤ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ ሶሎውን ሰው እንዲሰማኝ አድርጌ ነፋሁት። ሜጋን እየሮጠች መጣች።

«ኦ ማይ ጋድ፣ ያቺ መጨረሻ ላይ የምትወጣዋ! እኔ ብጠቀምባት ቅር ይልሃል?»

ምን ይባላል? «ውሰጃት፣ ምን ችግር አለው» አልኳት። የራሴን ዜማ መርቄ ሰጠኋት እላችኋለሁ።

ውድነሽ ሁሉን እያየች ትበግናለች። «አንተ ሰውዬ፣ ሄደህ ‹ሶሎውን እፈልጋለሁ› አትለውም? ምን ችግር አለው? ኮል አድርግለት!»

«ሶሎ ይለመናል እንዴ? ነውር አይደለም?»

«አንተ ነህ እንዲለምኑህ የምትጠብቀው። እነሱ ቢዚ ናቸው! አንዴ ጠየቁህ፣ አበቃ!»

«ሁለት ይቀራል» አልኳት። አልሰማኋትም። ሰው ሚስቱን የሚሰማ ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ ሁለት መስመር ይሆን ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሁለተኛ እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሜይላንድ ሃይትስ ሠፈር ያለ አንድ አዳራሽ። ሴቶቹ ሲዞሩ የሚገለበጥ ቀሚስ፣ ወንዶቹ ሁለት ቀለም ጫማ አድርገው ይጨፍራሉ። የእኛ ሰዎች ከቅዳሴ ቀጥታ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ድፎ ዳቦ ይዘው፣ ዐሥራ አራት ሆነው ገቡ። ወንበሮቹ ግድግዳ ዳር የተደረደሩት ለዳንስ ቦታ እንዲኖር መሆኑን ማን ይንገራቸው? እያንዳንዳቸው ወንበር ጎትተው የዳንሱ ወለል መካከል፣ ከፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ጨፋሪው ሁሉ እንደ አደባባይ ሊዞራቸው ተገደደ። ጋሼ ሀብታይ ሙሉ ልብስ በክራቫት አድርገው፣ ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ወደ እኔ ደቅነው፣ ስቱትጋርት ላለችው እኅታቸው በቀጥታ ያስተላልፋሉ።

ቀስ ያለችው ዜማ ደረሰች። ኮልተን ማይክሮፎኑን ያዘ። ሰዎቼን አያቸው፣ እኔን አየኝ፣ ፊቱ በራ።

«ዛሬ የክላርኔት ተጫዋቻችን ቤተሰቦች መጥተዋል» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣ በማይክሮፎን፣ «ይህን አንተ ብትወስደውስ? ሜጋን ደስ ይላታል» አለኝ። ሜጋንም ትሮምቦኗን አውርዳ ፈገግ ብላ ጠበቀችኝ።

ሁለተኛው ጥያቄ! መጣ! ከፊቴ ግን ጋሼ ሀብታይ አሉ፣ የነፍስ አባቴ እኅት አሉ፣ ከሦስት አገር ተሰደው ካልጋሪ የተገናኙ ሽማግሌዎች አሉ። በዚያ ሁሉ ታላቅ ፊት ዘልዬ «እሺ» ብል ምን እባላለሁ? እጄ ራሱ ደረቴ ላይ ሄደ። አንገቴ ራሱ ተሰበረ። «ኖ፣ ኖ፣ ፕሊስ፣ እሷ ትጫወት» አልኩ።

የእኛ ሰዎች ሥርዓቱን ያውቃሉ። ሦስተኛው ለእነሱ እንደተተወ ገባቸው።

«ኧረ በማርያም!» አሉ ከሴቶቹ አንዲት እትዬ።

«በሞቴ ተጫወት!»

«እኔ አፈር ልብላልህ!»

ጋሼ ሀብታይ ስልኩን ሳይዘጉ ከወንበራቸው ተነሱ። «ስማ አንተ! ዐሥራ አራት ሰው ዳቦ ተሸክሞ መጥቶልሃል! ተነስ ተብለሃል፣ ተነስ!»

ደረሰ በሉ። «እንግዲህ ካላችሁ» ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። ክላርኔቱን እስከ ደረቴ አነሳሁ። ኮልተን ግን የሚያየው ሌላ ነው፦ አንድ ምስኪን ሽማግሌ «ኖ» ብሎ ሳለ ነጭ የለበሰ ሕዝብ በማያውቀው ቋንቋ ይጮህበታል። ከፊቴ መጥቶ ቆመ፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ።

«ጓደኞቼ፣ ኖ ብሏል። ኖ ሲል እናክብርለት» አለ።

አዳራሹ አጨበጨበ። ጨፋሪዎቹ ቆመው አጨበጨቡ። አንዲት ሴት እጇን ልቧ ላይ አድርጋ ራሷን ነቀነቀችልኝ። በዕድሜዬ እንደዚያ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም፤ የተጨበጨበልኝም ላለመጫወቴ ነው።

ሜጋን ተነስታ ተጫወተች። ቢያንስ ብታበላሸው ምን ነበረበት? አላበላሸችውም። መጨረሻ ላይ ያቺን የእኔን ዜማ አወጣቻት፤ ሕዝቡ ጮኸ። እኔ ክላርኔቴን ጭኔ ላይ ይዤ ወንበሩን ጠበቅሁ። ጋሼ ሀብታይ ስልካቸውን ከእኔ ላይ አላነሱም፤ ሠላሳ ሁለቱንም ባር ዝም ስል ስቱትጋርት ድረስ አሳዩኝ።

ሲወጡ በር ላይ ጨበጡኝ። «ጥሩ ነው» አሉ፤ ትንሽ አሰቡ። «አቀማመጥህ ያምር ነበር።»

ለማንም ደህና ሁኑ ሳልል፣ የኖታ ማስቀመጫዬን እንኳ ረስቼ ሄድኩ። ሐሙስ ዴንቲስቱ ጋ ሄድኩ። ጥርሶቹ ብዙ አላስቸገሩም፤ ወጡ።

ቅዳሜ በሩ ተንኳኳ። ኮልተን ነው፤ የረሳሁትን የኖታ ማስቀመጫ ይዞ መጥቷል። ከኤርድሪ ድረስ ያን ሁሉ መንገድ የነዳ ሰው በባዶ ሆዱ አይመለስምና ውድነሽ አስገብታ አስቀመጠችው። እኔ አፌን በመሐረብ ይዤ ነው የተቀበልኩት፤ ጉንፋን መስሎት ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

«ምሳ ብላ» አለችው።

«ኖ፣ ቴንክ ዩ፣ በልቻለሁ።»

ቀይ ወጡን አቀረበች። «ትንሽ ቅመስ።»

«ሪሊ፣ ጠግቤያለሁ።»

«በሞቴ! እኔ ልሙት! አንድ ጉርሻ!» ብላ ጠቅልላ አፉ ድረስ ወሰደችለት። ኮልተን ሳቀና ጎረሰ። ሌላም ጎረሰ። ከዚያ በገዛ እጁ ጀመረ፤ ያልበላ ሰው ኖሯል። ግማሽ ሳህን ከበላ በኋላ ግን እጁ አየር ላይ ቀረ። ውድነሽን አያት። ቀስ ብሎ ዞሮ እኔን አየኝ። ማኘኩን አቆመ።

«ዌይት» አለ። «ያን ዕለት... ሰዎቹ ሲጮሁ... ፈልገህ ነበር እንዴ?»

ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ።

«የስ!» አለች ውድነሽ፤ ሳህኑን እንደያዘች። «የስ፣ ሂ ዋንትድ! ኦል ሂዝ ላይፍ ሂ ዋንትድ!»

ልጁ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ዓይኑ ውኃ ሞላ። ክፉ ሰው ቢሆን ምን ነበረበት? «አይ አም ሶ ሶሪ» አለ፤ ደጋግሞ አለ። ከዚያ ወንበሩን ወደ እኔ ሳበ።

«ጁን ላይ ሌላ ዳንስ አለን። ሶሎውን ትወስዳለህ?»

መሐረቡን ሁለቱ ጥርሶቼ በጎደሉበት አፌ ላይ እንደያዝኩ፣ ሁለተኛ እስኪጠይቀኝ ሳልጠብቅ፣ «የስ» አልኩት። ውድነሽ ሳህኑን አንስታ ወደ ኩሽና ገባች፤ ቧንቧውን ከፈተችው፣ ለረጅም ጊዜም አልዘጋችውም።